ምራቂ በዝርዝር አይጻፍም

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «ና የኔ ጌታ፣ ዓይተህ እለፍ፣ ማየት አያስከፍልም» በማለቴ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

የሰጠኝ ምሰሶው ነው። አደባባያችን ላይ ጆሮም አፍም ያላቸው አራት ምሰሶዎች አሉ፤ የኔው ከመደቤ በስተግራ የቆመው ነው። ድምፁ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ድምፅ ነው፤ ሲቀጣ እንኳ ይሽኮረመማል።

«ውድ ወይዘሮ ይርገዱ፣ አሁን የተናገሩት ንግግር የአንቀልባ አሳታሚ ንብረት ነው። ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት። ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያዎ ነው። በሦስተኛው መደብዎ ይታሸጋል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

የጠራሁት ሰውዬ ደንግጦ ሄደ። ላሳየው ያነሳሁት ነጭ ሽንኩርት እጄ ላይ ቀረ። ከጎኔ ድንችና ካሮት የምትሸጠው ትሁኔ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ማየት አያስከፍልም ስትዪ አንቺን አስከፈለሽ ብዬ ነዋ!»

«ሳቂ። ነገ ላንቺም ይመጣል።»

«ለኔ ምን ሊያመጣው? እኔ እንዳንቺ አፍ የለኝም። ድንቼን ዘርግፌ ዝም ነው።»

እውነቷን ነው። ትሁኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ለገዢ ከሦስት ቃል በላይ ስትናገር አልሰማሁም። ለኔ ጊዜ ግን አፏ አያርፍም።

አደባባዩ ላይ የቀረነው አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። የቀረው የደብረ ብርሃን ሰው ከግድግዳ ነው የሚገዛው። ግድግዳውን ይነካል፣ ዋጋው ይበራል፣ ዘንቢሉ ከላይ ይወርዳል፤ ከሰውዬው አንድ ቃል አይወጣም። ወረፋ ላይ መቶ ሰው ቆሞ የሚሰማው የዘንቢሉ ኮሽታ ብቻ ነው። እኛን ከተማው «የቅርስ መደብ» ብሎ፣ ቁጥር ለጥፎ፣ የምንቀመጥበትን ድንጋይ ሳይቀር ለክቶ አስቀምጦናል። እንግዳ ይመጣል፣ ተከራክሮ ይገዛል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። የትምህርት ቤት ልጆችም በሰልፍ ይመጣሉ። አንድ ቀን አስተማሪያቸው በጣቷ እያመለከተችኝ «ልጆች፣ ይህች ጉሊት ትባላለች» አለቻቸው።

«ጉሊት ቦታው ነው የኔ እመቤት። እኔ ይርገዱ ነኝ» አልኳት።

ልጆቹ እሱንም ጻፉት።

የገዛ አፌ እንዴት የሰው ንብረት እንደሆነ ልናገር።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ድሮ የተማረ ሰው ሥራ ነበር ይላሉ። አሁን ሰሚ የሚሉት ዳቦ የሚያህል ዕቃ አለ፤ ሰው ይነግረዋል፣ እሱ ይሠራል። ከተማው ለያንዳንዳችን አደለን። ሌሎቹ ልጅ ማባበያ አደረጉት። እኔ መደቤን ከሰበሰብኩ በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በየቀኑ እነግረው ጀመር።

ሴትዮ አለች አልኩት፤ ጉሊት ተቀምጣለች። ተጫዋቹ ገዢ ነው። መጀመሪያ የበሰለ ቲማቲም ከፈረጠው መለየት ይማራል። ቀጥሎ ይከራከራል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ በዱቤ የሚወስድ ጎረቤት ይመጣል፣ ከዚያ ደንብ አስከባሪ ይመጣና ተጫዋቹ ራሱ ጆንያውን ተሸክሞ ይሮጣል። እንዲህ እንዲህ እያልን እስከ በዓል ዋዜማ ግፊያ፣ ሰባት ደረጃ ሆነ።

ሰሚው ሠራ፤ እኔ አፈረስኩ፤ እንደገና ሠራ። ዝናቡን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ አስደገምኩት። ከላይ ወደ ታች ያንጠባጥብልኛል! የኛ ዝናብ ከጎን ነው የሚመጣው፣ ነፋሱ ነው ይዞት የሚመጣው፣ ሽንኩርቱን ሳይሆን መጀመሪያ የሻጯን ጆሮ ነው የሚመታው አልኩት። በአሥራ ሁለተኛው ገባው። ሴትዮዋን የኔን አፍ ሰጠኋት፤ የማውቀው አፍ እሱ ነው። ጨዋታውንም «ዓይተህ እለፍ» አልኩት።

ሰባቱን ስጨርስ ምራቂ ጨመርኩበት።

የዛሬ ልጅ ምራቂ አያውቅም፤ ግድግዳ አይመርቅም። ገዢው ገዝቶ ከከፈለ በኋላ «መርቂልኝ» ይላል፤ ሻጯ ከእጇ አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምርለታለች። በልኬታው ውስጥ የለም፣ በዋጋው ውስጥ የለም። ደስ ካላት ትሰጣለች፣ ደስ ካላላት «ደግሞ ምን ልትጨምር!» ብላ ትሰድባለች። እኔም ሰሚውን እንዲህ አልኩት፦ «ሰባቱን ጨርሶ የመጨረሻውን ከፍሎ ሲያበቃ፣ ሴትዮዋ እጇን ሽንኩርቱ ላይ አድርጋ ትጠብቀው። መርቂልኝ ካለ ከኋላዋ ያለውን ጆንያ ገልጣ ታስገባው። ካላለ መንገዱን ይሂድ።» ከጆንያው ኋላ ያለውን ለመሥራት ከሰባቱ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ።

የአንቀልባ አሳታሚ ጨዋታ ሰብሳቢ የመጣችው ያኔ ነው። ሶልያና ትባላለች፤ ማር የመሰለች ልጅ። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት እየላጠችልኝ ነበር የምትጠይቀኝ።

«እማዬ፣ ስንት ደረጃ አለው?»

«ሰባት» አልኳት።

ስምንት አላልኳትም። መደበቄ አይደለም። ምራቂ አይቆጠርም፤ ምራቂ የሚቆጥር ሻጭ አይቼ አላውቅም። ከተቆጠረማ ዕቃ ሆነ።

የሴትዮዋን ንግግር ሁሉ ዘርዝራ አምጥታ በሰሌዳ አሳየችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ ግን አነባለሁ። በጣቴ እየሄድኩ አነበብኩት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ንግግር። ከላይ በደማቁ «ሻጭ በሽያጭ ጊዜ ለገዢ የምትናገረው» ይላል፤ ከታች ያለው ሁሉ የኔው ቃል ነው። የኔ ቃል እንዲህ በቁጥር ተሰልፎ አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ከዝርዝሩ ግርጌ «አስረክቤያለሁ» የሚል ነበረበት።

«ይሄ ሸጥኩ ማለት ነው?» አልኳት።

«ኧረ እማዬ! ማን ሊሸጥ? ላሳትምልዎ ነው እንጂ። ጨዋታው የእርስዎ ነው። እኛ ስማችን አንቀልባ ነው፤ አዝለን ለዓለም እናሳያለን።»

ጣቴን አሳረፍኩ።

ጨዋታው ወጣ። መንገድ ላይ የማያውቁኝ ልጆች በገዛ ቃሌ ይጠሩኝ ጀመር፤ «ዓይተሽ እለፊ!» ይሉኛል። አልከፋኝም። የከፋኝ ሰባተኛው ደረጃ ሲያልቅ የሚመጣውን ጽሑፍ ሳይ ነው። «ፈጣሪ፦ አንቀልባ አሳታሚ» ይላል። ደወልኩ። ሠሪው ሰሚው ነው፣ ሰሚውን የሚያሠራው ፈቃድ የእኛ ነው፣ እርስዎ «ድምፅ ሰጪ» ነዎት አሉኝ። ገንዘብ አልጠየቅኳቸውም። ስሜን ነው የጠየቅኩት። እነሱ ደግሞ ስሜን መመለስ ትተው ዝርዝሩን አስመዘገቡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ ቃሌ ገዢ ከጠራሁ ምሰሶው የነሱን ንብረት ሰረቅሽ ይለኛል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈ። ያን ያህል ሺህ ሰው ሲጫወተው አንድም «መርቂልኝ» ያለ የለም። ሴትዮዋ እጇን ሽንኩርቱ ላይ አድርጋ እንደጠበቀች ናት።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአንቀልባ ነገረ ፈጅ ራሱ መጣ። አቶ ማክቤል ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ጫማው አፈር ነክቶ የማያውቅ። እንደ ሶልያና ቁጢጥ አላለም። ቆሞ ነው ያናገረኝ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ሠሪዋ እኔ ነኝ ብለው የከሰሱንን ጉዳይ ሐሙስ ችሎት ሳይደርስ በሰላም እንጨርስ። ምትክ አነጋገር አዘጋጅተንልዎታል።»

«የምን ምትክ?»

«የእርስዎ ንግግር በሙሉ በሌላ ተተክቷል። ጆሮዎ ላይ ያደርጉታል፣ ያንሾካሹክልዎታል፣ እርስዎ ይደግማሉ። ለምሳሌ ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት፦ ‹ክቡር ደንበኛ፣ ምርቶቻችንን እንዲመለከቱ በአክብሮት እንጋብዛለን።›»

ትሁኔ በሳቅ ካሮቷን ደፋችው።

«ይሄን ብዬ ሽንኩርት ልሸጥ?» አልኩት። «ሽንኩርቱ ራሱ አይታዘበኝም?»

«ቢያንስ መደብዎ አይታሸግም።»

«ለዚህ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«ፊርማ ብቻ። የጨዋታው ሠሪ አለመሆንዎን፣ ድምፅ ሰጪ መሆንዎን የሚገልጽ።»

«ዝናቡን ማን አሥራ ሁለት ጊዜ አስደገመው?»

«ምን አሉኝ?»

«ዝናቡን። ከጎን እንዲመጣ ያደረገው ማን ነው?»

ዝናቡ ከጎን እንደሚመጣም አላወቀም። አልፈርምም አልኩት። ሰሌዳውን ድንጋዬ ላይ አስቀምጦ «እስከ ሐሙስ ያስቡበት» ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ትሁኔ መሳቅ ተወች። «ፈርሚ» አለችኝ። «ስሚኝ፣ ይርገድዬ። የቀረሽ አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። መደቡን ካሸጉት የት ትሄጃለሽ? ከግድግዳው ጋር ልትከራከሪ ነው? እኔ ብሆን ‹ክቡር ደንበኛ› ብዬ ጎንበስ እላለሁ።»

«አንቺ ድንችሽን ዘርግፈሽ ዝም ትያለሽ። እኔ አፌን ነው የምዘረጋው። አፌ ከታሸገ መደቡ ቢቀር ምን ይጠቅመኛል?»

«ግትር!»

«ግትር ነኝ።»

ረቡዕን ዝም ብዬ ዋልኩ። ሦስት ሰው ገዛኝ፤ ሦስቱም የታመምኩ መስሏቸው አይዞሽ ብለውኝ ሄዱ።

የፈጠራ ችሎት የሚያስችለው ከማዘጋጃ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ተክለወልድ የሚባሉ ችሎት አስከባሪ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፤ ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ሰው ሲገባ ተነሥተው የሚቀበሉ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሠራተኛ ሁሉ ዕቃ ነው።

ዳኛዋ ፌቨን ይባላሉ፤ አርባ ቢሞላቸው ነው። እጅ ነሣሁና «እንደምን አደርሽ የኔ እናት» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ወዲያው መዝጋቢው ዕቃ ጮኸ። «ተራ ቁጥር አራት! የአንቀልባ አሳታሚ ንብረት!»

ሦስተኛው መጣ፣ መደቤ ሄደ ብዬ ነበር።

ዳኛዋ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «የዝርዝሩን ርእስ አንብብ» አሉት ዕቃውን።

«ሻጭ በሽያጭ ጊዜ ለገዢ የምትናገረው።»

«እዚህ የሚሸጥ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዝም በል። ወይዘሮ ይርገዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና አድሬያለሁ። ይቀመጡ።»

ማክቤል ቆሞ ተናገረ። በደንብ ይናገራል፤ አልዋሽም። ጨዋታውን የሠራው ሰሚው ነው አለ። ሴትዮዋ ያበረከቱት ድምፅና አባባል ነው፤ እሱም አንድ ሳይቀር ተዘርዝሮ፣ አንብበውት፣ በጣታቸው አስረክበዋል። «ዝርዝሩ ሙሉ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ሰባት ደረጃ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ንግግር። በጨዋታው ውስጥ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ አንዲት ነገር የለችም።»

«ይምላሉ?»

«እምላለሁ።»

ማለ። መዝጋቢው መዘገበው።

ተራው የኔ ሆነ። ሌሊቱን ስደረድረው ያደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እኔ ብዙ ነገር አላውቅም» አልኩ። «አንቀልባ ግን አውቃለሁ፤ አራት ልጅ አዝያለሁ። አንቀልባ ያዘለውን ልጅ የኔ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይሄ ነገረ ፈጅ የጨዋታው ባለቤት ከሆነ ቤቱን ያውቀዋላ! እስቲ እዚህ ይጫወተውና እስከ መጨረሻው ድረስ ያሳየኝ።»

ማክቤል ፈገግ አለ። ዳኛዋ ፈቀዱ። ጋሽ ተክለወልድ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፉና ጨዋታው መሬቱ ላይ ተከፈተ፤ የችሎቱ ወለል ገበያ ሆነ። ዝናቡ ከጎን መጣ። ዳኛዋ ሳያስቡት ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ያንን አየሁ።

ማክቤል አቋራጩን ያውቃል። ቲማቲሙን ለየ፣ ተከራከረ፣ ጆንያ ተሸክሞ ሮጠ፤ በዓል ዋዜማውን ተጋፍቶ አለፈ። በመጨረሻ ከሴትዮዋ፣ ማለት ከኔ፣ አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገዛ፣ ከፈለ፣ ዞር አለ።

«ጨረስኩ። ሰባት ደረጃ» አለ።

ሴትዮዋ እጇን ሽንኩርቱ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«ይህች ምን ሆና ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«እሷ ጉድለት ናት፣ ክብርት ዳኛ። እጇ አይመለስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልናስተካክለው ሞክረን እምቢ ብሎናል። በጨዋታው ላይ ምንም ለውጥ ስለማያመጣ ትተነዋል።»

አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ካልያዝኩት ሌላ ጊዜ አልይዘውም። እኔ ብናገር ምራቂ መሆኑ ይቀራል፤ ሻጭ ምራቂ ጠይቁኝ ብላ አትለምንም፣ ገዢ ነው የሚጠይቀው።

ከበሩ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ። ጋሽ ተክለወልድ ናቸው፤ ዓይናቸው ከሴትዮዋ እጅ አልተነሣም።

«ምን ጉድለት ነው የምትለው አንተ ልጅ!» አሉ። «እየጠበቀችህ እኮ ነው! ገዝተህ ዝም ብለህ ትሄዳለህ እንዴ? መርቂልኝ አይባልም?»

ሴትዮዋ ዞረች። «በስንት ጊዜው ሰው መጣ!» አለች በኔ ድምፅ፤ ጆንያውንም ገለጠችው።

ከጆንያው ኋላ ያለው ከመናኸሪያው ጀርባ የነበረው የድሮው የጉሊት ተርታ ነው፤ ሳይፈርስ በፊት። አርባ አንድ ሴቶች እንደየመደባቸው ተቀምጠዋል። የሽመቤት ከሎሚዋ ጋር፣ ባፈና ከጎመኗ ጋር፣ አጸደ ከጤና አዳሟና ከበሶብላዋ ጋር፣ ዘርትሁን አንድ ዓይኗን ጨፍና። ተርታው የፈረሰ ዕለት ሁሉም በየፊናው ሄደ፤ ዛሬ የማውቀው የስድስቱን አድራሻ ብቻ ነው። እዚያ ዋጋ የለም። ተጫዋቹ የሚያደርገው የሚሰጡትን መቀበልና ስማቸውን መጠየቅ ነው። አርባ አንዱንም በስማቸው ከጠራ ጨዋታው ያልቃል። በቃ።

ባፈና ማክቤልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ምነው ከሳህ አንተ? እናትህ አታበላህም? እንካ ይሄን እስር ጎመን፣ ጨምር፣ ጨምር!» እጁ ላይ ከመረችበት። ጆሮው ቀላ።

ዳኛዋ ከወንበራቸው ወርደው ወደ የሽመቤት ቀረቡ። የሽመቤት ሎሚ ዘረጋችላቸው።

«ስምሽ ማን ነው?» አሏት።

«የሽመቤት እባላለሁ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ዳኛዋ ሎሚውን እንደያዙ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«ይህም የኛ ነው!» አለ ማክቤል፤ ጎመኑ ከእጁ ላይ ገና አልጠፋም። «በጨዋታው ውስጥ ያለ ሁሉ የአሳታሚው ነው።»

«ተራ ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ ዳኛዋ።

ሰሌዳውን ገለጠ። ወደ ላይ ወደ ታች ሄደ። ጋሽ ተክለወልድ መነጽራቸውን እየጠረጉ ሊያግዙት ጠጋ አሉ፤ አላስጠጋቸውም።

«...የለም።»

«ዝርዝሩ ሙሉ ነው ብለው ምለዋል።»

«ፈታሾቻችን አላገኙትም ነበር፣ ክብርት ዳኛ!»

«ገዝተው ስለማያውቁ ነዋ!» አልኩ እኔ። ቀስ አድርጌ ነበር ያልኩት፤ መዝጋቢው ግን መዘገበው።

ፍርዱን ተነሥተን ሰማን። በዝርዝሩ ያለው፣ «አስረክቤያለሁ» ስላልኩ፣ የአሳታሚው ነው። በዝርዝሩ የሌለው ስምንተኛው የኔ ነው፤ ያለ እኔ ፈቃድ አይነካም፣ ሠሪው ይርገዱ ተብሎ ይጻፍበታል። ንግግሩን በሚመለከት፣ ዝርዝሩ ራሱ «በሽያጭ ጊዜ» ስለሚል፣ ወይዘሮ ይርገዱ ስትሸጥ አትናገረውም፤ ስትመርቅ ግን የሚከለክላት የለም።

ደሜ ፈላ። «ስሸጥ ዲዳ ልሁን ማለት ነው?»

«ስትሸጪ ዝርዝሩን አትናገሪም» አሉ ዳኛዋ፤ በመጨረሻው አንቺ አሉኝ፣ አልተቀየምኩም። «የተፈረመውን ላፈርሰው አልችልም።»

«ዝናቡስ? አሥራ ሁለት ጊዜ ያስደገምኩት ዝናብ የሱ ሆኖ ቀረ?»

«ቀረ» አሉ፤ ወደ ታች እያዩ።

ሕግ ማለት እንዲህ ነው። አፍሽ ያንቺ ነው፣ እስከዚህ ጥርስ ድረስ ብቻ። በሩ ድረስ የሸኙኝ ጋሽ ተክለወልድ ካፖርታቸውን እየቆለፉ «ግማሽ አፍ ይዘሽ ወጣሽ» አሉኝ።

«የትኛውን ግማሽ እንደያዝኩ አላዩም ጋሼ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መደቤን ዘረጋሁ። አንዲት ሴት መጣች። ሽንኩርቱን አሳየኋት፣ ዋጋውን በጣቴ ነገርኳት፣ እሷም በጣቷ ቀነሰች፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከፈለች። ከአፌ ትንፋሽ አልወጣም። ከዚያ እጄን ሽንኩርቱ ላይ አድርጌ አየኋት።

ግራ ገባት። ትሁኔ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «መርቂልኝ በያት!»

«መ... መርቂልኝ?»

«ኧረ እመርቅልሻለሁ የኔ እናት! ነይ እስቲ፣ እንደምን አደርሽ፣ ምነው ዓይንሽ ፈራ፣ ይቺን ፍሬ እያት፣ ይቺ የአንኮበር ናት፣ አገላብጠሽ እያት፣ ማየት አያስከፍልም...»

ምሰሶው «ውድ ወይዘሮ ይርገዱ» ብሎ ጀመረና አቆመ። ውስጡ የሆነ ነገር ሲንጫጫ ይሰማል።

አንዷን ፍሬ ሩብ ሰዓት መረቅኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ወረፋው ግድግዳው ጋ ደረሰ። ትሁኔ «ልትከስሪ ነው፣ ምራቂሽ ሽያጭሽን በለጠው» ትለኛለች። የምመርቀው አንድ ፍሬ ነው፤ የሚረዝመው ወሬው ነው። ልጆች ግድግዳውን እየነኩ «መርቂልኝ» ይሉት ጀመር፤ «ጥያቄዎን አልተረዳሁም» ይላቸዋል፣ እየሳቁ ወደኔ ይመጣሉ። ጨዋታውን የሚጫወተውም ሰባቱን እየሮጠ ጨርሶ ጆንያው ጋ ነው የሚሰፍረው። የአርባ አንዱን ስም በቃሉ የሚያውቅ ልጅ አየሁ፤ ዘርትሁንን እንደሷው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠራት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክቤል መጣ። አሁን ቁጢጥ አለ። ጫማው አፈር ነክቷል።

«እትዬ ይርገዱ፣ ስምንተኛውን ይሽጡልን።»

ዝም አልኩ።

«የፈለጉትን ይጠይቁ። ስምዎን በሰባቱም ላይ እንጽፋለን። ዝናቡንም ጨምሮ።»

ዝም።

«ይሰሙኛል?»

ዓይኔን ወደ ምሰሶው አነሣሁ፤ ወደሱ መለስኩ። ወረፋው ሁሉ ጸጥ ብሏል።

«አትናገርም» አለችው ትሁኔ፣ ድንቿን እያስተካከለች። «ሽያጭ ነው ያነሣህባት። በሽያጭ ጊዜ እንዳትናገር ያስፈረዳችሁ እናንተ ናችሁ። ረሳኸው?»

ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ወደ ምሰሶው አየ፣ ወደ ወረፋው አየ፣ ወደ እጄ አየ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ገባው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ። እንግዲያው... ይመርቁልን።»

አፌ ተፈታ።

«ምራቂ የሚጠይቀው እኮ የገዛ ሰው ነው፣ ልጄ» አልኩት። «አንተ መች ገዛህ?»

ምሰሶው ምንም አላለም። እኔም እጄን ሽንኩርቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት።